ሚዛኑ ማንን ይመዝናል?

ዝቋላ ስል አንባቢ ወደ ደብረ ዘይቱ ተራራ እንዳያቀናብኝ። የማወራው ስለ ዋግ ኽምራው ዝቋላ ነው፤ ከሰቆጣ ወዲያ ወደ ተከዜ ሸለቆ ስለሚያዘቀዝቀው፣ ዋና ከተማው ጽጽቃ ስለሆነው ወረዳ። ስሙ ሲነሣ ድርቅና ጦርነት እንጂ የሕክምና ትምህርት ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ሐኪም ልሁን ብሎ ከዚያ ስለሚነሣው ልጅ እሟገታለሁ።

«ውጤት አያዳላም» ይሉናል። ያዳላል እላለሁ፤ በዝምታ ስለሚያዳላ ብቻ አድልዎው አይታይም።

ቀድሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በቀጥታ ወደ ሕክምና ያስገባ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ ግን በሩ ሁለት ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው ተማሪ «ፍሬሽማን» ሳለ በሚያመጣው ነጥብ እንደገና ይፎካከራል። እንግዲህ ለሕክምና መዘጋጀት ማለት በጥቂት ወራት ውስጥ «ኤ» መልቀም ሆኗል።

ሯጮቹ ከአንድ መስመር የተነሡ ይመስላሉ። ነገር ግን አንዱ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲማር የኖረ ነው። ሌላው ከእናቱ ጋር በኽምጣና አውርቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ተጫውቶ፣ ስለ ሕዋስ አሠራር ሲጠየቅ በሦስተኛ ቋንቋው የሚመልስ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አገሩ የጦር ሜዳ ነበረች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ መታት። በአገር አቀፍ ደረጃ እንኳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ የመርፌ ቀዳዳ ሾልኮ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ የዝቋላ ልጅ ብርታቱን ገና ድሮ አስመስክሯል። ነጥቡ ግን የደረሰበትን እንጂ የተነሣበትን አይናገርም።

«ታዲያ ደካማ ሐኪም ይመረቅ ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም! መግቢያው ሌላ፣ መውጫው ሌላ። የአናቶሚው ፈተናም ሆነ የሙያ ፈቃዱ ፈተና ለማንም አይቅለል። እኔ የምለው፣ በመግቢያው ላይ የሚመዘነው ነገር ይብዛ ነው።

ይህ የእኔ ቅዠት አይደለም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከየግዛቱ እየመረጠ ያስተምራል፤ ተመራቂዎቹም ተመልሰው የየግዛታቸውን ገጠር ያገለግላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ምክረ ሐሳብ የገጠር ልጆችን ወደ ሕክምና ትምህርት ማስገባት ለገጠር ሐኪም ማግኛ አንዱ መንገድ መሆኑን ገልጿል። እኛም ብንሆን በ2004 ዓ.ም. በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ዲግሪ ለያዙ ወጣቶች ሌላ የሕክምና መግቢያ ከፍተን ነበር። በሩን የሠራው ሰው ነው፤ ሰው የሠራውን ሰው ያሻሽለዋል።

ለታዳጊ ክልሎች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ማውጣት ለረዥም ዓመታት የተለመደ ነበር። ድህነት ግን የክልል ድንበር አይጠብቅም፤ ዋግን «አማራ ክልል» በሚል ስም ከባሕር ዳር ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፦ እንደ ዝቋላ ላሉ ወረዳዎች የሕክምና መቀመጫ ይለይ፤ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት የእንግሊዝኛና የሳይንስ ማጠናከሪያ ይሰጥ፤ የሕመምተኛውን ቋንቋ ማወቅም እንደ ዕውቀት ይቆጠር።

ሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አላት። ከዝቋላ ተነሥታ እዚያ የደረሰች እናት ምጧን የምትናገረው በኽምጣና ከሆነ፣ ያለ አስተርጓሚ የሚሰማት ሐኪም በየትኛው ነጥብ ተመዝኖ ይምጣላት? «ኤ» የለቀሙት ሁሉ ይህን ጥያቄ ይመልሱልኝ።