የቃል ምንጭ የፍቺው ዳኛ አይደለም

በአንድ ቃል ላይ ክርክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ወደ ሥሩ ይወርዳል። «እውነተኛ ትርጉሙ ይህ ነው፤ በጥንቱ ቋንቋ እንዲህ ማለት ነበርና» ይልና ነገሩን የቋጨው ይመስለዋል። በጋዜጣም በፖለቲካ መድረክም የምንሰማው ማስረጃ ነው፤ የምሁር መልክ ስላለውም ደፍሮ የሚመልስለት ጥቂት ነው። እኔ ግን ደካማ ማስረጃ ነው እላለሁ። ምንጩ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ያሳየናል እንጂ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ አይወስንልንም። ይህን ለማየት ከራሳችን ቋንቋ ለጊዜው ራቅ ማለት ይጠቅማል፤ የራስ ቃል ሲነካ ስሜት ይቀድማልና። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ደችኛ፣ ስዊድንኛና ዴንማርክኛ ሊቃውንት «ጀርመናዊ» ብለው የሚጠሩት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ መልካቸው የሚመሳሰል፣ ፍቺያቸው ግን የተራራቀ ቃላት ሞልተዋቸዋል።

«ጊፍት» የሚለውን እንውሰድ። ለእንግሊዝ ስጦታ ነው፤ ለጀርመን መርዝ ነው። ስዊድኖችና ዴንማርኮች ደግሞ መርዝንም ያገባን ሰውንም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ሁሉም የተገኙት «መስጠት» ከሚለው ግስ ነው። ትዳሩ ግልጽ ነው፤ ሙሽራ ለባሏ ትሰጥ ነበር። ወደ መርዝ ያደረሰው መንገድ ግን ረዘም ይላል። የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ግሪኮችና እነሱን የተከተሉት የላቲን ሐኪሞች ለበሽተኛ የሚሰጠውን መድኃኒት ልክ «ዶሲስ» ይሉት ነበር፤ ይህም ከ«መስጠት» የወጣ ነው። ጀርመኖች ሐሳቡን በራሳቸው ቃል መለሱት። የሚሰጠው ነገር ገዳይ ሲሆንም ስሙን በግልጽ ላለመጥራት ይኸው ለስላሳ ቃል አገለገለ፤ ውሎ አድሮ ልስላሴው ጠፍቶ መርዙ ቀረ። የቀድሞው ፍቺ ግን ጨርሶ አልሞተም፤ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛው የምትሄደው ሀብት እስከ ዛሬ «ሚትጊፍት» ይባላል። እንግዲህ በሥሩ ይፈረድ የሚል ሰው በጀርመን አገር በርሜል ላይ «ጊፍት» ተጽፎ ሲያይ ስጦታ ነው ብሎ ማንበብ ይኖርበታል። እንዲህ ያነበበ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል።

ጀርመንኛ ቃሉን አበላሸው፣ እንግሊዝኛ ግን ጠበቀው የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ «ናይት» ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ ልጅ እግርን፣ አገልጋይን ያመለክት ነበር፤ ወንድሙ የጀርመንኛው «ክኔኽት» ዛሬም አገልጋይ፣ የእርሻ ሎሌ ነው። በእንግሊዝ ግን ከ1066ቱ የኖርማን ወረራ በኋላ ቃሉ ከጌታው ጋር በፈረስ ለሚዘምተው አሽከር ዋለ፤ የዘማቹ ክብር ከፍ ሲል ቃሉም አብሮ ከፍ አለና የማዕረግ ስም ሆነ። እዚህ ጠባቂው ጀርመንኛ ነው፣ ተለዋጩም እንግሊዝኛ። ጀርመንኛው «ሽቴርበን» መሞት ብቻ ነው፤ የእንግሊዝኛው ዘመዱ «ስታርቭ» ከመሞት ጠብቦ ለረሃብ ቀረ። ጀርመንኛው «ቲር» ማንኛውም እንስሳ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ዲር» አጋዘን ብቻ ሆነ። ስለዚህ ታማኝ ልጅና ከዳተኛ ልጅ ብሎ መለየት አይቻልም። ቃሉን ያንቀሳቀሰው የኑሮ፣ የሹመትና የይሉኝታ ለውጥ ነው።

ከዚህ የከበደ ጥያቄም አለ። ፍቺ እንዲህ የሚሸሽ ከሆነ፣ ቃላቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን በምን እናውቃለን? መልሱ ድምፅ ነው። ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818፣ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 ባሳተሟቸው ሥራዎች ያሳዩት፣ ድምፆች የሚለወጡት እንደ ሥርዓት እንጂ እንደ አጋጣሚ አለመሆኑን ነው። በቃል መነሻ ላይ የእንግሊዝኛው «ት» በጀርመንኛ «ጽ» ሆኖ ይገኛል፤ አሥር በአንዱ «ቴን»፣ በሌላው «ጼን» ነው። «ታውን» በእንግሊዝኛ ከተማ፣ «ጻውን» በጀርመንኛ አጥር፣ «ቶይን» በደችኛ የአትክልት ስፍራ ሲሆን ፍቺው ቢራራቅም ድምፁ ይገጥማል፤ የሦስቱም ሥር የታጠረ ቦታ ነበር። በአንጻሩ የጀርመንኛው «ሃበን»ና የላቲኑ «ሃቤሬ» በመልክም በፍቺም መንታ ይመስላሉ፤ ሁለቱም «ባለቤት መሆን፣ መያዝ» ናቸው። ዝምድና ግን የላቸውም። የላቲን «ክ» በጀርመናዊ ቋንቋዎች «ህ» ይሆናል፤ ቀንድ በላቲን «ኮርኑ»፣ በእንግሊዝኛ «ሆርን» እንደሆነው ሁሉ የ«ሃበን» እውነተኛ ዘመድ «ካፔሬ»፣ ያዘ የሚለው ነው። መመሳሰልን ብቻ አይቶ ዝምድና የሚያውጅ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ፍቺ ካልተጠበቀ ሕግና ሕክምና እንዴት ይሠራሉ ለሚለው፣ ጥበቃ በእርግጥ ያስፈልጋል እላለሁ። የሚጠብቀው ግን የተናጋሪዎች ስምምነትና የሕጉ አንቀጽ የሚሰጠው ብያኔ ነው፤ የሺህ ዓመት ሥር አይደለም። እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። «ነበረ» በግእዝ ተቀመጠ ማለት ነው፤ መቀመጥ ወደ መቆየት፣ መቆየት ወደ መኖር አልፎ በአማርኛ ያለፈ ሁኔታን የሚናገር ሆነ፤ የቀድሞው ፍቺ በ«መንበር»ና በ«ወንበር» ውስጥ ቀርቷል። ይህን ማወቅ ትልቅ እውቀት ነው፤ ደስም ያሰኛል። «ታሞ ነበር» ያለውን ሰው ግን ታሞ ተቀመጠ ማለትህ ነው ብለን አናርመውም። «ሀገር»ም በግእዝ ከተማን ይጠራል። ዛሬ ስለ ሀገር የሚከራከር ጸሐፊ የግእዙን ፍቺ ቢጠቅስ መልካም ነው፤ ከዚያ እስከ እኛ በየትኛው ዘመንና በማን አንደበት እንደተለወጠ ግን አብሮ ማሳየት አለበት።