የዝግባን ዘር የሚያጓጉዙትም በዕቅድዎ ይግቡ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ደን ልማት ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በየዓመቱ የምንሰማው የችግኝ ቁጥር ነው፤ ስንት ተፈላ፣ ስንት ተተከለ፣ ስንት ጸደቀ። ለዚህ የፈሰሰውን ላብ ከልቤ አከብራለሁ። እኔ የምጽፍልዎ ግን ማንም ስላልተከላቸው ዛፎች ነው። በሐረና፣ በከፋና በሸካ ደኖች የቆሙትን ትልልቅ ዛፎች ጉድጓድ ቆፍሮ የተከላቸው ሰው የለም። ዘራቸውን ያደረሱት ወፎች፣ ጦጣዎች፣ የሌሊት ወፎችና ጥርኞች ናቸው። ስለ ደን አስተዳደር ስንነጋገር ግን እነዚህን የሚያነሳቸው ጥቂት ሰው ነው።

ዝግባን እንውሰድ። ዝግባ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። ቀጥ ያሉትንና ወፋፍራሞቹን ሴቶች መጋዝ ከወሰዳቸው የቀሩት ወንዶች መቶ ዓመት ቢቆሙም ዘር አይጥሉም። ጫካው ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ግን ተተኪ የለውም። ደግሞም የዝግባ ዘር ከባድ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም። ከእናቱ ጥላ ርቆ የሚሄደው የሚሸከመው ሲያገኝ ነው። ምንቃሩ ግዙፍ የሆነው፣ ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማው የደን ወፍ ፍሬ ውጦ ዘሩን ሌላ ቦታ ይተፋዋል። ጦጣ በጉንጩ አጭቆ ይሄዳል። ጥርኝም የበላውን የፍሬ ዘር ሁልጊዜ በሚጸዳዳበት ስፍራ ያራግፈዋል፤ ስለ ዝባዱ ስንት ዘመን ስናወራ ይህን ሥራውን ግን አልቆጠርንለትም።

«ደኑን ብናጥረው አፈሩ የያዘው ዘር ይበቅላል» የሚል ተስፋ እሰማለሁ። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ያለውን የዘር ክምችት አጥንተዋል፤ ያገኙት በአብዛኛው የሣርና የለስላሳ ዕፀዋት ዘር እንጂ የትልልቆቹ ዛፎች አልነበረም። እናት ዛፍም ተሸካሚም ከጠፉ አጥር ብቻውን ዝግባን አይመልስም።

አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ የሚጠብቀው ግን ግንዱን ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2003 ለማሆጋኒ ባወጣችው ደንብ ለመቆረጥ ከደረሱት ዛፎች ከመቶ 20ው ለዘር እንዲቀሩ አዘዘች። የማሆጋኒ ዘር ግን ክንፍ ያለው፣ በነፋስ የሚበር ነው። ለዝግባ ይህን የመሰለ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ከሚቀሩት ስንቱ ሴት ነው? ፍሬውን የሚወስድ እንስሳስ በአካባቢው አለ ወይ? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ተስፋ የሚሰጠኝ ሙነሳ ሻሸመኔ ነው። እዚያ በሰው እጅ ከተተከሉት የፈረንጅ ጥድ፣ የፓይንና የባሕር ዛፍ ደኖች ሥር ዝግባን ጨምሮ አገር በቀል ዛፎች ሳይተከሉ ሲበቅሉ የአገራችን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። አጎራባቹ የተፈጥሮ ደን ዘር ሰጠ፣ እንስሳቱ አመጡት፣ የፈረንጁ ዛፍ ጥላ አሳደገው። ይህን ሁሉ ያለ አንድ ብር የችግኝ ማፍያ ወጪ አገኘነው። ነገር ግን የፈረንጅ ጥዱ ቆረጣ ላይ ሲደርስ፣ የሚወድቀውና የሚጎተተው ግንድ እነዚህን ለጋ ዛፎች ይደፈጥጣቸዋል፤ የተረፉትንም መሬቱን ለአዲስ ተከላ የሚያጸዳው ምንጣሮ ይጨርሳቸዋል። ክቡር ሆይ፣ በእጃችን የገባውን ዝግባ መንጥረን ዝግባ ለመትከል ገንዘብ መፈለጋችን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ክልሎችና የደን ድርጅቶች የሚሠሩበት መመሪያ ሲዘጋጅ፣ ቆረጣ ከመጀመሩ በፊት ከሥር የበቀለው አገር በቀል እንዲቆጠርና የግንድ መጎተቻው መንገድ እሱን ሸሽቶ እንዲቀየስ ያዝዙ። በየደኑ ያሉ ሴት ዝግባዎች ፍሬ በያዙበት ወቅት ተለይተው ይመዝገቡ። የችግኝ ጣቢያዎችም ዘር ሲሰበስቡ መንገድ ዳር ካሉት ሁለት ሦስት ዛፎች ብቻ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ብዙ እናቶች ይውሰዱ። ሾላውንም እንዳይረሱት አደራ፤ ለጣውላ አይፈለግም፣ ግን ሌላው ዛፍ ፍሬ በማይሰጥበት ጊዜ ወፉንና ጦጣውን በአካባቢው የሚያቆየው እሱ ነው።

በየዓመቱ ለሕዝብ በሚቀርበው ሪፖርት ላይም «በራሱ የበቀለ» የሚል አንድ ዓምድ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። የሙነሳውን ለመቁጠር ባለሙያ ለመላክ ጊዜው አሁን ነው፤ ከመጪው የቆረጣ ወቅት በፊት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደን ባለሙያ