ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ሲጻፍ ነው

አንባቢ ሆይ! «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ዳሩ ግን ስሙን የሚያውለው ማን እንደ ሆነ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይህን ጥያቄ በእኔ ላይ ያሳደረብኝ በጥር 15 ቀን፣ በቂርቆስ ዓመታዊ በዓል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያየሁት ነገር ነው።

ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲመለስ አንዲት ባልቴት በነጠላቸው ጫፍ የአንድ መቃብር ድንጋይ ይወለውሉ ነበር። ጽሕፈቱን ዝናብና ፀሐይ አጥፍተውት ከስሙ የቀሩት ሁለት ፊደላት ብቻ ነበሩ። «እማማ፣ የማን መቃብር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የጎረቤቴ ነው፣ ልጄ። ዘመዶቿ የሉም። እኔም ከካዛንቺስ ተነሥቼ ዛሬ የምኖረው ከከተማው ዳር ነው፤ እስከ መቼ እመላለሳለሁ?» አሉኝ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ ሳለ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ሠሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሄደ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ብዙው የሰፈሩ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ስሙ ግን ዛሬም በአፋችን አለ።

የሰፈር ስም እንዲህ ሲቀር፣ የሰፈርተኛው ስም ግን እንዲሁ አይቀርም። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ በለገሃር አካባቢ ሥራ ፍለጋ የመጣው ሰው ጥቂት አልነበረም። ከጥንት ሰፋሪዎች መካከል የብዙዎቹ መቃብር የድንጋይ ክምር ብቻ ነበር፤ በአገራችን የቆየ ልማድ የተራው ሰው መታሰቢያ ተዝካሩ እንጂ ጽሕፈት አልነበረምና። በጉለሌ የውጭ አገር ሰዎች መካነ መቃብር የተቀበሩትን እንግዶች ግን ዛሬም ከድንጋያቸው ላይ ስማቸውን እናነባለን።

ታዲያ የእኛን ሰው ስም ማን ያዘው? ብዙውን ጊዜ እድር ነው። ጥሩምባው በማለዳ ሲነፋ ሰፈሩ ይሰማል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ጸሐፊውም በመዝገቡ ላይ የሟቹን ስምና ቀኑን ያሰፍራል። ይህ መዝገብ የሰፈሩ ታሪክ ነው። አሁን ግን ሰፈርተኛው ሲበተን መዝገቡ በአንድ ሰው ቤት፣ ምናልባትም በአልጋ ሥር ይቀራል።

ስም የሌለው መቃብር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በ2002 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ይሂድ። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንት በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል፤ ግድግዳውም በፎቶግራፍና በስም ተሞልቷል። መቃብር የተነፈገ ሰው ዘመድ ቢያንስ ስሙ እንዲጠራለት ይፈልጋል።

በአሜሪካና በአውስትራሊያ የገጠር ቀበሌዎች ፈቃደኛ ሰዎች በአሮጌው መካነ መቃብር እየዞሩ ድንጋዩ ሳይደበዝዝ ስሙን በደብተር ይገለብጣሉ። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርሳስ፣ ደብተርና አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ተማሪው ሆይ፣ አንተም በቢሮ መዝገብ የምትይዘው ወጣት ጸሐፊ፣ ይህ ሙያ ከእናንተ እጅ አይጠፋም። የደብሩን አስተዳደር አስፈቅዳችሁ ስሙን፣ የአባቱን ስምና ዘመኑን ገልብጡ፤ የእድሩን ጸሐፊም አሮጌው መዝገብ የት እንዳለ ጠይቁ።

እኔም በዚያ ቀን ባልቴቲቱ እየነገሩኝ የጎረቤታቸውን ስም ከነአባቷ በኪስ ደብተሬ ጻፍሁ። ከጨረስሁ በኋላ፣ «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «አዎን፣ እርሷ ናት» አሉ።