ለእኩዮቼ፦ ሙሉ ዋጋችሁን ሳትጽፉ ቅናሽ አትስጡ

እናንተም እኔም ያለ ወር ደሞዝ፣ በብሩሽና በእርሳስ ልጆች ያሳደግን ሰዎች ነን። ስለዚህ የምናገረውን ስለ ገንዘብ ከማያውቅ ሰው እንደመጣ አትቁጠሩብኝ። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስንሠራ የያዝነው የዋጋ አጠያየቅ ከኋላችን የሚመጡትን እያስራበ ነው።

ስልክ ይደወላል። «ጋሼ፣ ለእናቶችና ሕፃናት ፕሮጀክታችን ስድስት ሥዕል ፈልገን ነበር። በጀቱ ጠበብ ብሎብናል፤ ለልጆቹ ሲሉ…» የልጅ ስም ሲነሳ አንጀታችን ይባባል፣ ዋጋ መጥራትም ያሳፍረናል። «እሺ፣ የሚሆነውን ስጡኝ» ብለን እንዘጋለን።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ግን እንይ። ፕሮጀክት የሚጸድቀው በፕሮፖዛል ነው፤ ሥልጠናው፣ ትራንስፖርቱ፣ ኅትመቱ፣ ሥዕሉ በየመስመሩ በጀት ይያዝለታል። ከሥዕሉ መስመር የተረፈው ብር እንዲሁ ተነሥቶ ለሕፃን ወተት አይገዛም። ወደ ሌላ መስመር ለማዛወር አብዛኛውን ጊዜ የለጋሹ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ካልተፈቀደም ተመላሽ ይሆናል። የባሰው የሚመጣው ቀጣዩ ፕሮፖዛል ሲጻፍ ነው። «ባለፈው በዚህ አሠርተናል» ተብሎ እናንተ ከርኅራኄ የቆረጣችሁት ዋጋ የገበያ ዋጋ ሆኖ ይገባል። ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትናንት የተመረቀ፣ የቤት ኪራይ አንቆ የያዘው ወጣት መጥቶ ዋጋውን ሲጠራ «ጋሽ እገሌ እንኳ በዚህ ሠርተውልናል» ይሉታል። ምን ብሎ ይመልስ? ስማችን የታወቀው እኛ ዝም ባልን ቁጥር አፉን የምንይዘው የእሱን ነው።

በእርግጥ በጀት የሌለው አለ። በሠፈር ሰው መዋጮ አረጋውያንን የሚጦር ማኅበር ቢጠይቃችሁ ሥሩለት፤ በነፃም ይሁን። ሆኖም ስጦታው በወረቀት ላይ ይታይ። በፕሮፎርማችሁ ላይ ለምሳሌ እንዲህ ብላችሁ አስፍሩ፦ የስድስት ሥዕሎች ሙሉ ዋጋ 60,000 ብር፤ ከሠዓሊው የተለገሰ 20,000 ብር፤ የሚከፈል 40,000 ብር። በነፃ ከሆነም 60,000ው ይጻፍና የተለገሰው 60,000 ይሁን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለም አባቶቻችን? ቀጣዩ ሰው ድርድሩን የሚጀምረው ከ60,000 እንጂ ከምሕረታችሁ አይሆንም።

ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ሥራው ለምን እንደሚውል ጠይቁ። አዋጅ 1113/2011 የድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ «በጀት የለንም» የሚሉት አንዳንዴ ከዚህ ጣሪያ የተነሣ ነው። አጎበር እንዴት እንደሚሰቀል ለገጠር ቤተሰብ የሚያስረዳ ሥዕል ግን የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ ነው፣ ዋጋውም ከፕሮጀክቱ በጀት ሊወጣ ይችላል። ድርጅቱ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ካላንደር ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለይተን ስለማንጠይቅ በመጀመሪያው «የለንም» እንረታለን።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የመብቱ ጉዳይ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ደግማችሁ አንብቡት፤ ዝም ካላችሁ መብቱ ሄደ ማለት ነው። ለአንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ብላችሁ በግማሽ ዋጋ የሣላችኋት እናት ነገ በቲሸርት፣ በሰላምታ ካርድ፣ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ማስታወቂያ ላይ ብትወጣ፣ ድርጅቱ ብር ሲሰበስብባት እናንተ ቆማችሁ ታያላችሁ። ስማችሁ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ እሱን ሕጉ የሰጠው ለሥራው አመንጪ ነው። የቀረውን ግን ካልጻፋችሁት አታገኙትም።

ስለዚህ ውሉ ላይ ሥዕሉ የት እንደሚታተም፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ቅጂ፣ ከዚያ ውጭ ቢፈለግ ስንት ተጨማሪ እንደሚከፈል ይስፈር፤ የኢኮኖሚ መብቱ ከእናንተ ጋር እንደሚቆይም በግልጽ ይጻፍ። በነፃ በምትሰጡት ሥራ ላይ ደግሞ ይህን አብልጣችሁ ጠብቁ። «ለበጎ ሥራ ሆኖ ምን ውል ያስፈልጋል?» የሚላችሁ ድርጅት ከሒሳብ ሹሙ፣ ከሾፌሩ፣ ቢሮውን ካከራየው ሰው ጋር የተፈራረመ ነው። ከእናንተም ጋር ይፈራረም፤ እስኪፈርም እርሳሳችሁን አታንሡ።