ዕድሜን ማምለክ ሂስ አይደለም

የወይን ጠጅ ቅምሻ ከሂስ ጥበብ ዘርፎች አንዱ ነው። ቀማሹ እንደ ሐያሲው ሁሉ በፊቱ የቀረበውን ሥራ አይቶ፣ አሽትቶና አጣጥሞ ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱንም በምክንያት ይደግፋል ተብሎ ይጠበቃል። ሆኖም በዚህ ዘርፍ ሥር ከሰደዱት ልማዶች አብዛኞቹ ለዕድሜ፣ ለስምና ለዋጋ መስገድን እንጂ መመርመርን አያስተምሩም። ለዚህም ከስፔኑ ቴምፕራኒዮ የበለጠ ጉልህ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ቴምፕራኒዮ ጥቁር ፍሬ ያለው የወይን ዘር ነው። ስያሜው በስፔን ቋንቋ «ቀደም ያለ» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን፣ ይኸውም ከብዙዎቹ የአገሩ ጥቁር ወይኖች ቀድሞ ስለሚበስል ነው። በሪዮሃ በዚሁ ስሙ ሲታወቅ፣ በሪቤራ ዴል ዱዌሮ ቲንቶ ፊኖ፣ በቶሮ ቲንታ ዴ ቶሮ፣ በላ ማንቻ ሴንሲቤል፣ በፖርቱጋል ደግሞ ቲንታ ሮሪዝ ወይም አራጎኔዝ ይባላል። አንድ ዘር ይህን ሁሉ ስም መሸከሙ በየአካባቢው ያለው ገበሬ የራሱ አድርጎ እንዳሳደገው ይመሰክራል። በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ ስለ መንደሩና ስለ ማሳው ዝም ብሎ፣ ወይኑ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ ብቻ ያውጃል።

የሪዮሃ ደንብ እንዲህ ይላል። ቀይ ወይን ጠጅ «ክሪያንሳ» ለመባል ቢያንስ 2 ዓመት፣ ከዚህም ውስጥ 1 ዓመት በበርሜል መቆየት አለበት። «ሬሴርባ» 3 ዓመት ሲጠይቅ ቢያንስ 1 ዓመቱ በበርሜል፣ 6 ወሩ በጠርሙስ የሚያልፍ ነው። «ግራን ሬሴርባ» ደግሞ 5 ዓመት ይጠይቃል፤ ከዚህም ቢያንስ 2 ዓመቱ በበርሜል፣ 2 ዓመቱ በጠርሙስ ነው። በርሜሉ 225 ሊትር የሚይዝ፣ ኦክ ከሚባለው እንጨት የተሠራ ነው።

ይህ ሥርዓት ታሪካዊ መሠረት አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለው ሥር መጣጭ ተባይ የፈረንሳይን የወይን እርሻ ባወደመ ጊዜ፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ጠጅ ፍለጋ ወደ ሪዮሃ ወረዱ። በበርሜል የማሳደግ አሠራርም በዚያን ዘመን ተስፋፋ። በአሮ ከተማ የባቡር ጣቢያ ዙሪያ የተሰባሰቡት ታላላቅ የወይን ቤቶች ዛሬም ድረስ የዚያ ንግድ ሕያው ምስክሮች ናቸው። እንግዲህ ምደባው የንግድ ልጅ ነው፤ ገዢውም የሚገዛውን ዓይነት ለይቶ እንዲያውቅ ረድቶታል። ስሕተቱ የሚጀምረው መቆያ ጊዜን የሚያመለክተው ቃል የጥራት ማዕረግ ተደርጎ ሲወሰድ ነው።

ወይን ጠጅን 5 ዓመት ሳይሸጡ ለማቆየት ሰፊ መጋዘን፣ ብዙ በርሜልና ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህ አቅም የሌለው ትንሽ ገበሬ ያለው ምርጫ ዘለላውን ለትልቁ ቤት መሸጥ፣ ወይም ወይኑን ገና በለጋነቱ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ለገበያ ማቅረብ ነው። ስለሆነም ዕድሜን የጥራት ብቸኛ መለኪያ ማድረግ ሳይታወቅ የካፒታልን አቅም የጥራት መለኪያ ማድረግ ነው። በሪዮሃ አላቬሳ የሚኖሩ ገበሬዎች ዘለላውን ሳይፈለፍሉ እንዳለ በማፍላት የሚሠሩት፣ በዓመቱ የሚጠጣ ለጋ ወይን የፍሬው መዓዛ የሞላበትና ረጅም ልማድ ያለው ሥራ ነው። ይህን ወይን «ገና ልጅ ነው» ብሎ መናቅ ሥራውን ሳይመረምሩ ሠሪውን መናቅ ነው።

ጥያቄው በዚያው በሪዮሃም ተነሥቷል። አርታዲ የተባለው የአላቫ ወይን ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከሪዮሃ ስያሜ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ የመሬቱ ማንነት በምደባው ውስጥ በቂ ቦታ አላገኘም የሚል አቋም ነበረው። በ2017 ደግሞ የሪዮሃ ተቆጣጣሪ አካል ለተለዩ ማሳዎች ዕውቅና የሚሰጥ አዲስ ደረጃ ፈጠረ። ዘግይቶም ቢሆን መሬቱ እንዲናገር ተፈቀደለት ማለት ነው።

ይህ ሲባል ጊዜ ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። የሎፔስ ዴ ኤሬዲያን ወይም የቤጋ ሲሲሊያን ያረጁ ወይኖች ታላቅነት የሚክድ ሰው አጣጥሞ አያውቅም። ከልጣጩ የሚገኘው፣ አፍን የሚያኮማትረው ታኒን ከዓመታት በኋላ ይለሰልሳል፤ ሐምራዊው ቀለም ወደ ሸክላ ጡብ መልክ ይለወጣል፤ የለጋው ፍሬ ሽታ ለቆዳ፣ ለትምባሆና ለደረቀ በለስ ሽታ ቦታውን ይለቃል። ነገር ግን ጊዜ ያልነበረውን አይፈጥርም። መነሻው ላይ በቂ ፍሬ፣ በቂ ታኒንና በቂ ኮምጣጣነት የሌለው ወይን በእንጨት ውስጥ ሲቆይ የሚያተርፈው የቫኒላ ሽታና ድርቀት ብቻ ነው። ያረጀ ሁሉ አልበሰለም።

ማቆየትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጠርሙሱ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ፣ ብርሃንና ንቅናቄ በሌለበት፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቅዝቃዜ ሊቀመጥ ይገባዋል። የአራንዳ ዴ ዱዌሮ ሰዎች በመካከለኛው ዘመን ከከተማቸው ሥር ዋሻ የፈለፈሉት በጋና ክረምት የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ፍለጋ ነው። ይህን ሳያሟሉ ጠርሙስን በሞቃት ማድ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ለዓመታት ደርድሮ መኩራራት ማቆየት ሳይሆን ማበላሸት ነው።

ቅምሻውስ? አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲል ለጠጅ የሚገባው ዕቃ እንዳለው አስተውሎ ነው። ብርሌው ወለል ብሎ ያሳያል፤ የመጀመሪያው ምስክርም ዓይን ነው። የቴምፕራኒዮ ቀማሽ ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ቀድቶ በነጭ ወረቀት ላይ ያዘነብላል፤ ቀለሙን ያያል፤ አዙሮ ያሸታል፤ በመጨረሻም በአፉ ውስጥ አንከባሎ ፍሬውን፣ ኮምጣጣነቱን፣ ታኒኑንና የእንጨቱን ድርሻ ይለያል። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ሁሉ ማንም ጤናማ አፍንጫና ትዕግሥት ያለው ሰው ሊማረው የሚችል ነው፤ የጥቂቶች ምሥጢር አድርገው የሚያቀርቡት ወገኖች ከምሥጢሩ የሚያተርፉት ናቸው።

አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1978 በመሠረተው መጽሔት ያስፋፋው ከ100 የሚታሰብ ነጥብም እንዲሁ ነው። መምህር ለተማሪው ነጥብ ሲሰጥ ስሕተቱን በኅዳጉ ላይ ይጽፍለታል። ምክንያቱ ተረስቶ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚሰቀል ቁጥር ግን የገበያ ጩኸት ነው።

የምግቡም ነገር ከዚህ አይለይም። የሪዮሃ ሰው የበግ ጎድን በደረቀ የወይን ሐረግ ፍም ላይ ይጠብሳል፤ በአራንዳ የሚጠባ ግልገል በእንጨት ምድጃ ይጠበሳል፤ በሁለቱም ቦታ ከጎኑ የሚቀዳው የአገሩ ቴምፕራኒዮ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ታኒኑ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ይለዝባል፤ ኮምጣጣነቱም የጮማውን ቅባት ይቆርጣል። ይሁን እንጂ «ቀይ ወይን ለሥጋ» የሚለውን መመሪያ በጭፍን ይዞ ግራን ሬሴርባን በርበሬ ከበዛበት ቀይ ወጥ ጋር ማቅረብ ሁለቱንም መበደል ነው። አልኮልና ታኒን የበርበሬውን ማቃጠል ያብሳሉ፤ የበርበሬው ኃይልም የአሮጌውን ወይን ረቂቅ ሽታ ይቀብረዋል። ለእንዲህ ያለው ገበታ ታኒኑ የቀለለ፣ በጥቂቱ የቀዘቀዘ ለጋ ወይን ይሻላል፤ አሮጌው በርበሬ ላልበዛበት የበግ ጥብስ ይቆይ። እዚህ ላይ የተናቀው ለጋ ከተመለከው አዛውንት በልጦ ይገኛል።

ጉዳዩ የምላስ ቅንጦት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በሪዮሃ ገዢ ያጣ ወይን ጠጅ በመንግሥት ድጎማ ተጣርቶ ወደ አልኮል እንዲለወጥ ተደርጓል። የዓመት ልፋቱ እንዲህ ሲሆን የሚያይ ገበሬ የሚጠብቀው ማሳውንና እጁን ለይቶ የሚያውቅለት ጠጪ ነው። ስለዚህ የሂስ ኃላፊነት ያለበት ቀማሽ «ስንት ዓመት ቆየ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ከየትኛው መሬት በቀለ? ማን ሠራው? በአፍ ውስጥስ ምን ይላል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ይህን ሳይጠይቅ የሚያወድስ ሁሉ ወይኑን አልቀመሰም፤ የቀመሰው ወረቀቱን ነው።