ሶሮስን ከመርገማችን በፊት፦ የታይላንድ ባህት ታሪክ

የአንድ አገር ገንዘብ ዋጋው ሲወድቅ ሁለት ዓይነት ወሬ ይነሳል። አንዱ «የውጭ ቁማርተኞች አሴሩብን» ይላል። ሌላው «ገበያ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ይቀራሉ፦ አትራፊው ትርፉን ከማን እጅ ተቀበለ? በምንዛሪ ንግድ ትርፍ ከሰማይ አይወርድም። አንዱ ቢሊዮን ካፈሰ ቢሊዮን የከሰረ ሌላ ወገን አለ። ያንን ከሳሪ ስንፈልግ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የዚያኑ አገር ማዕከላዊ ባንክ ነው።

ለዚህ ከታይላንድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

እስከ እ.ኤ.አ. 1997 አጋማሽ ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በታይላንድ 25 ባህት ገደማ ነበር። ትናንትም 25፣ ዛሬም 25፣ ነገም 25። ይህ የምንዛሪ ተመን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ቃል ነበር። ሰውም ቃሉን አመነ። የባንኮክ ፋይናንስ ኩባንያዎች በዝቅተኛ ወለድ ዶላር ከውጭ ተበድረው፣ ወደ ባህት ቀይረው፣ ከፍ ባለ ወለድ ለሪል እስቴት አበደሩ። ምንዛሪው ቢለወጥ ምን እንሆናለን ብሎ የተጨነቀ ጥቂት ነበር፤ መንግሥት አይለወጥም ብሏላ! ከተማዋ ገዢ በሌላቸው ፎቆች ተሞላች። በ1996 የወጪ ንግዱ ቆመ። አገሪቱ ለዓለም ከምትሸጠው በላይ ትገዛ ስለነበር ጉድለቱን የሚሞላው ብድር ነበር፣ ያውም አብዛኛው በአጭር ጊዜ የሚከፈል። በየካቲት 1997 ሶምፕራሶንግ ላንድ የተባለው የሪል እስቴት ኩባንያ የውጭ ዕዳውን መክፈል አቃተው።

ይህን ሁሉ ከሩቅ የሚያይ ሰው አለ። ስሌቱ ቀላል ነው፣ አብረን እናስላው።

25 ሚሊዮን ባህት ትበደራላችሁ። ወዲያው ሸጣችሁ 1 ሚሊዮን ዶላር ትወስዳላችሁ። ዶላሩን በመጨረሻ የሚያቀርበው ማዕከላዊ ባንኩ ነው፤ በ25 እሸጣለሁ ብሎ ቃል የገባው እሱ ነውና። ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ባህቱ ወርዶ ዶላር 50 ከገባ፣ የተበደራችሁትን 25 ሚሊዮን ባህት ለመመለስ የሚያስፈልጋችሁ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ሚሊዮን፣ ወለዱ ሲቀነስ፣ የእናንተ ነው። ባህቱ ባይወርድስ? 25 ሚሊዮኑን በ25 ገዝታችሁ ትመልሳላችሁ፤ የከሰራችሁት ወለድ ብቻ ነው። ብትሳሳት ሳንቲም፣ ብትሳካ ግማሹ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ የማይሰለፍ ባለገንዘብ የለም። ደግሞ የሚሰለፈው በበዛ ቁጥር የባንኩ ዶላር ቶሎ ያልቃል፣ ውድቀቱም ይቀርባል። ውርርዱ ራሱ ውጤቱን ይገፋል ማለት ነው።

ጨዋታው አዲስ አልነበረም። ከአምስት ዓመት በፊት፣ መስከረም 16 ቀን 1992፣ የእንግሊዝ ፓውንድ በዚሁ መንገድ ተመትቷል። ፓውንዱ ከ2.78 የጀርመን ማርክ በታች እንዳይወርድ ለንደን ቃል ገብታ ነበር። በዚያ ቀን የእንግሊዝ ባንክ ወለዱን ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ አደረገ፣ ወደ 15 እንደሚያደርሰውም ተነገረ፤ ማንም አልሰማውም። ማታ ላይ ሥርዓቱን ለቀው ወጡ። የጆርጅ ሶሮስ ፈንድ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዳተረፈ ይነገራል፤ የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ደግሞ ኪሳራውን በኋላ 3.3 ቢሊዮን ፓውንድ ብሎ ገምቶታል። (በነገራችን ላይ እኛም ለሃያ ዓመት ገደማ ሳይነቃነቅ የቆየውን የ2.07 ብር ተመን ወደ 5 ብር ያወረድነው በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት 1992 ነው።)

ወደ ባንኮክ እንመለስ። የታይላንድ ባንክ ያደረገው ነገር ነው እኔን የሚያስገርመኝ።

ጥቃቱ በየካቲት ጀመረ፣ በግንቦት በረታ። ባንኩ ካዝናው ውስጥ ያለውን ዶላር አውጥቶ ከመሸጥ ይልቅ «ከወራት በኋላ ዶላር በዚህ ዋጋ አስረክባለሁ» የሚል ውል መፈረም ያዘ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ አንድ ነው፦ ዶላሩ ዛሬ ከካዝና አይወጣም፣ ስለዚህ ለሕዝብ በሚነገረው ክምችት ላይ አይታይም። በወረቀት ላይ አገሪቱ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበራት። ነገር ግን 23.4 ቢሊዮኑ አስቀድሞ ለሌላ ሰው ቃል የተገባ እንደነበር የተነገረው በነሐሴ ነው። በሰኔ መጨረሻ ባንኩ የራሴ ነው ሊል የሚችለው ንጹሕ ክምችት ወደ 2.8 ቢሊዮን ወርዶ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በግንቦት ባንኩ አንድ ብልህ ነገርም አድርጓል። የአገር ውስጥ ባንኮች ለውጭ ተጫዋቾች ባህት እንዳያበድሩ ከለከለ። ባህት ተበድሮ የሸጠው ሁሉ የሚመልሰው አጣ፤ በውጭ ገበያ የባህት የአንድ ሌሊት ወለድ በዓመት ሲሰላ ከ1000 በመቶ አልፎ ወጣ። ብዙዎቹ ተቃጠሉ። ግን የበሩ ግማሽ ተከፍቶ ነበር የቀረው። ዶላር ዕዳ ያለባቸው የታይላንድ ኩባንያዎችስ? እነሱም እኮ ዜና ይሰማሉ። «ሳይመሽ ዶላሬን ልያዝ» ብለው ተሰለፉ። ለዚያ ደግሞ ባህት ከማንም መበደር አያስፈልጋቸውም። ከሶሮስ ጋር አይተዋወቁም፣ አላሴሩም፤ ያደረጉት ግን ያንኑ ነው።

ሰኔ 30 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ቻቫሊት ዮንግቻይዩድ ባህት አይቀንስም ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ሐምሌ 2 ቀን ባህት በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በጥር 1998 ዶላር 56 ባህት ገባ።

ያ 23.4 ቢሊዮን ዶላር ታዲያ ምን ሆነ? ባንኩ በፈረመው ዋጋ አስረከበ። በ25 ገደማ የሸጠውን ዶላር ሌሎቹ ባህቱ ከተለቀቀ በኋላ ከዚያ እጅግ በላቀ ዋጋ መነዘሩት። የአትራፊዎቹ ትርፍ የተከፈለው በታይላንድ ሕዝብ የጋራ ካዝና ነው። ባንኩ በጠነከረ ቁጥር፣ «አልለቅም» ባለ ቁጥር፣ ሌላው በርካሽ የሚገዛው ዶላር በዛ። በጀግንነት የሚነገርለት መከላከል ለአጥቂው ድጎማ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፤ የ17.2 ቢሊዮን ዶላር የአይ ኤም ኤፍ ማዳኛ፣ እስከ መጨረሻ የተዘጉ 56 የፋይናንስ ኩባንያዎች፣ ሥራ አጥቶ ወደ ገጠር የተመለሰ የከተማ ወጣት።

እዚህ ላይ የማሌዢያው መሪ ማሃቲር ሞሐመድ ይነሳሉ። በመስከረም 1997 ሆንግ ኮንግ ላይ፣ የምንዛሪ ንግድ ከሥነ ምግባር ውጭ ነው ብለው ተነሱ፤ ሶሮስም በዚያው መድረክ ለገዛ አገሩ አደጋ ነው ብሎ መለሰላቸው። እኔ ማሃቲርን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። በዓመቱ በዚያችው ሆንግ ኮንግ ባለገንዘቦቹ የሆንግ ኮንግን ዶላር እየሸጡ ወለዱን አስወደዱ፣ ወለዱ የአክሲዮን ዋጋ እንደሚጥል አውቀው ደግሞ በአክሲዮኑ መውደቅ ላይ አስቀድመው ተወራርደው ነበር። በሁለት እጅ መብላት ነው። ይህን «ገበያው ተናገረ» ብሎ ማለፍ የዋህነት ነው። መንግሥት በነሐሴ 1998 በ118 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አክሲዮን ገዝቶ መከተባቸው። ነገር ግን ይህን ማድረግ የቻለው ከ90 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እውነተኛ ክምችት ስለነበረው ነው። ተመኑን የሚደግፍ ነገር ነበረ። ባንኮክ የነበራት ወረቀት ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ብር በተነሳ ቁጥር የሶሮስ ስም ሲጠራ ስለምሰማ ነው። በብር ላይ እንዲህ ያለ ጥቃት ሊሰነዘር አይችልም። ለንደን ወይም ኒው ዮርክ የተቀመጠ ሄጅ ፈንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር የሚበደርበት ገበያ የለም። ብር ከአገር ወጥቶ እንደልብ የሚመነዘር ገንዘብ አይደለም።

አየር ባየር ግን እኛም ዘንድ ነበር፣ ሒሳቡም የባንኮኩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ እስኪለቀቅ ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ። አንድ አስመጪ 1 ሚሊዮን ዶላር በባንክ ከተፈቀደለት 57 ሚሊዮን ብር ከፈለ እንበል። ዕቃውን መርካቶ ሲያራግፍ ዋጋ የሚያወጣለት ግን በ57 ሳይሆን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ አስቦ ነው፤ ቀጣዩን ዶላር ከየት እንደሚያገኝ አያውቅምና። በ110 ብር ካሰላው ልዩነቱ 53 ሚሊዮን ብር ነው፣ የንግዱ ትርፍ ሳይጨመር። ገዢው ርካሹን ዶላር አላየውም። ዕቃው ላይ ዋጋ ከፍ ተደርጎ ደረሰኝ ከተጻፈ ደግሞ ትርፉ ውጭ አገር በዶላር ይቀመጣል። ለዚህ መበደርም መወራረድም አያስፈልግም፤ ወረፋው ውስጥ ከፊት መገኘት ብቻ ነው። ያ ርካሽ ዶላር ደግሞ የመጣው ቡና ላኪው በግዴታ ካስረከበው፣ ከዱባይና ከቤሩት እህቶቻችን በባንክ ከላኩት ነው።

ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ገባ። ያኔ የመንገድ ላይ ዶላር መንዛሪዎች ሲታሰሩና ሱቅ ሲታሸግ ብዙ ዜና ሠርተናል። እኔ ግን ከመለቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በባንክ ተመን ዶላር የተፈቀደላቸውን ድርጅቶች ስም፣ መጠኑንና ያስመጡትን ዕቃ የያዘ ዝርዝር ማየት እፈልጋለሁ። ባንኮቹ ጋ በየሰነዱ አለ። የዚህ ቻናል ተከታታይ የሆናችሁ የምክር ቤት አባላት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ብሔራዊ ባንክ ሪፖርት ሊያቀርብ ሲመጣ ብትጠይቁልን።