ንቅለ ተከላው ባሕር ማዶ፣ ክትትሉ ሐርጌሳ፦ ከመቅኔ ሕክምና በኋላ የሚመጣው የቫይረስ ሸክም

በሐርጌሳ ከተማ፣ በሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊው ኢብራሂም ኮድቡር ስም በሚጠራው የኮድቡር ወረዳ፣ አንድ ሰው በደም ካንሰር ተይዞ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ሲባል ጉዳዩ የቤተሰቡ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጎሳው ያዋጣል፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያለው ዘመድም ይልካል። ሶማሊላንድ ውስጥ ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ስለሌለ መንገዱ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሌላ አገር ነው። በመዋጮው ስሌት ውስጥ እምብዛም የማይገባው ግን ከንቅለ ተከላው በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

የግንደ ሕዋስ (ስቴም ሴል) ንቅለ ተከላ ከመካሄዱ በፊት የታማሚው መቅኔ በከባድ መድኃኒት፣ አንዳንዴም በጨረር ይመታል። አዲሱ መቅኔ የበሽታ መከላከል አቅምን መልሶ ለመገንባት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስድበታል። በዚህ ክፍተት ከልጅነት ጀምሮ በሰውነት ውስጥ ተኝተው የኖሩ ቫይረሶች ይነቃሉ። ዋነኛው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ነው። በአፍሪካ አብዛኛው አዋቂ ሳያውቀው የተሸከመው ይህ ቫይረስ ለጤነኛ ሰው ብዙም አያሳስብም፤ ንቅለ ተከላ የተደረገለትን ታማሚ ግን ሳንባና አንጀቱን አጥቅቶ ሊገድለው ይችላል።

ሸክሙን የሚያከብደው ሕክምናው ራሱ ነው። የተለመደው መድኃኒት ጋንሲክሎቪር በደም ሥር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ገና ያላገገመውን መቅኔ እየተጫነ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ለሌላ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል። አማራጩ ፎስካርኔት ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ቢኬ የተባለው ቫይረስ ፊኛን አድምቶ ታማሚውን ለቀናት አልጋ ላይ ያስቀራል። በሀብታም አገሮችም ቢሆን ታማሚዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እአአ በ2017 ይፋ በሆነ ሰፊ ጥናት፣ ሌተርሞቪር የተባለውን የመከላከያ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል እስከ 24ኛው ሳምንት ሕክምና የሚያሻው የሳይቶሜጋሎ ኢንፌክሽን የገጠማቸው 37.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 60.6 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ተፈቀደ። ዋጋው ግን ከመዋጮ አቅም በላይ ነው።

የሐርጌሳ አጠቃላይ ሆስፒታል የከተማዋ ዋነኛ የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል ነው። እአአ በ2002 የተከፈተው የኤድና አደን ሆስፒታል በይበልጥ የሚታወቀው በእናቶችና በአዋላጅነት አገልግሎት ነው። ሁለቱም የተገነቡት በየሳምንቱ የደም ውስጥ ቫይረስን መጠን በፒሲአር እየለኩ ንቅለ ተከላ ያደረገን ታማሚ ለመከታተል አይደለም፤ ይህን ከእነርሱ መጠበቅም ፍትሐዊ አይሆንም።

ሆኖም ሁሉም ነገር ውድ አይደለም። በአፍሪካ ቀንድ የተስፋፋው ሄፓታይተስ ቢ ከንቅለ ተከላ በኋላ ተነሥቶ ጉበትን ሊያወድም ይችላል፤ የሚከላከለው ቴኖፎቪር ግን በኤችአይቪ ፕሮግራሞች በኩል የተለመደና ርካሽ መድኃኒት ነው። ከጉዞው በፊት አንድ የደም ምርመራ፣ ከመመለስ በኋላም መድኃኒቱ እስከ መቼ እንደሚወሰድ በግልጽ የሚናገር ደብዳቤ ብዙ ያድናል። ኩፍኝም አለ። ታማሚው በልጅነቱ ያገኘውን የክትባት ጥበቃ በአብዛኛው ያጣል፤ ሕያው የሆነውን የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል መውሰድ አይችልም። ኩፍኝ ደጋግሞ በሚቀሰቀስበት አካባቢ የሚጠብቀው አብረውት የሚኖሩት ልጆች መከተባቸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። የንቅለ ተከላ ማዕከላት ታማሚው ለመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ገደማ ከሆስፒታሉ እንዳይርቅ ይመክራሉ፤ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ በብዛት የሚነሣውም በእነዚሁ ቀናት ነው። መዋጮው ለቀዶ ሕክምና እንደሚሰበሰብ ሁሉ ለሆስፒታሉ ክፍያና ለአውሮፕላን ቲኬት ብቻ ከታሰበ፣ ቤተሰቡ በባዕድ ከተማ የሦስት ወር ኪራይ መክፈልና ታማሚውን ይዞ ቀድሞ ወደ ሐርጌሳ መመለስ ከሚሉት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።